አጎቴ «ይሆናል» ያለ ቀን

አጎቴ ነቢይ መሆኑን ያወቅሁት ዳቦ ቤቱ የተዘጋ ቀን ነው።

ዳቦ ቤቱ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ ትኩስ ዳቦ ሲገዛ፣ አጎቴ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ፣ በሩን በአገጩ እያመለከተ፣ «ይሄ አይሰነብትም» ብሎ ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ የዚያኑ ዳቦ ቅርፊት እየቆረጠምኩ ሰምቼዋለሁ። ከጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ዳቦ ስትልከኝ በሩ ላይ የጡጫዬን የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት። አልገረመውም። «አላልኩም?» አለና ያቋረጠውን ወሬ ቀጠለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እከታተለው ጀመር። የጎረቤታችን አንቴና ይወድቃል አለ፣ ወደቀ። የሰፈራችን ቡድን ይሸነፋል አለ፣ ተሸነፈ፤ ሽንፈቱ እንዲያውም እሱ ካለው ባሰ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ የገባችበት ሥራ ላይ አትቆይም አለ፣ ብዙም ሳይቆይ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አየኋት። በልጅነት ጭንቅላቴ የደረስኩበት ነገር ቀላል ነበር። አጎቴ ነገሮች እንደማይሆኑ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ እሱ አይሆንም ስላለ ነው የማይሆኑት። አፉ ውስጥ አንድ ነገር አለ።

ትምህርት ቤት መምህራችን የቤተሰባችንን ሥራ ሲጠይቁን ተነሥቼ፣ «እናቴ ስልክ ቤት ትሠራለች፣ አባቴ በያጅ ነው፣ አሁን እረፍት ላይ ነው» አልኩ።

«አጎትሽስ?» አሉኝ፤ ከእኛ ጋር እንደሚኖር ያውቁ ነበር።

«አጎቴ አይሆንም ይላል።»

መምህሬ ጠመኔ በነካው እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። አጎቴ በየጠዋቱ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እናቴ ለሥራ ስትወጣ አብሯት ይወጣል። ሲመሽ «ዛሬስ ደከመኝ» እያለ ይገባል። ይሄ ሥራ ካልሆነ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው?

አግዳሚዋ ላይ ሦስት ሆነው ነበር የሚሠሩት። አጎቴ መሀል፣ በቀኙ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ በግራው ደግሞ ደንበኛ ሲያጣ የሚወጣው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የሚገኘው፣ ፀጉር አስተካካዩ። የሚያልፍ ሁሉ ድርሻውን ያገኛል። አዲስ ብስክሌት የገዛ «እግር አልነበረውም እንዴ?» ይባላል። የማታ ትምህርት የጀመረችው ጎረቤታችን «ቀን ያጣችውን በጨለማ ልትፈልግ ነው» ተባለች። አበባ የተከለ፣ ቤቱን ቀለም የቀባ፣ ጊታር ይዞ የታየ፣ ማንም አይቀርም። ሌሎቹ ለማሳቅ ሲታገሉ አጎቴ አንዲት ቃል ጣል ያደርግና ዝም ይላል፤ ሳቁ ለብቻው ይመጣል። ነገሩ ሳይገባኝ አብሬያቸው እስቃለሁ። እነሱ መካከል ስቀመጥ መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ ከእኔ የሚያንስ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በዚያ ሰሞን ግድግዳ ያጠና ነበር።

ለእኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። አንድ ጠዋት የሥራ ቱታውን ሳይለብስ ቀረ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነው። አባቴ አንድን ብረት ከመንካቱ በፊት ረጅም ጊዜ የሚያየው ሰው ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ የሚሠራው ነገር ቢኖር ነው ብዬ አሰብኩ። አንዳንዴ ከኋላው እተኛና በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ አብሬው አያለሁ። ልስኑ ከጣሪያው ጀምሮ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረው።

«የት ደረስክ?» እለዋለሁ።

«ገና ነኝ» ይለኛል።

ይሠራበት የነበረው ጋራዥ መዘጋቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በቤታችን ያንን ነገር ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። «እረፍት» ነበር የምንለው። እኔም የእናቴ መሥሪያ ቤት ለምን እንዲህ ያለ ረጅም እረፍት እንደማይሰጣት እያሰብኩ እበሳጭ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈችው። «ወይ ተነሥ፣ ወይ ግድግዳውን ቀለም ቀባልኝ» አለችው። «እያየኸው አረጀ።»

አባቴ ሳቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ሲስቅ የሰማሁት። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ቀለም አልያዘም። ከኋላው አንድ ጋሪ እየተንቋቋ መጣ፤ ጋሪው ላይ የአሮጌ ጭነት መኪና የኋላ አክሰል ተጋድሟል።

አሳቡን ራት ላይ ነገረን። አክሰሉን አቁሞ በኮንክሪት ይተክለዋል፤ ጎማ የሚታሰርበት ጫፍ ወደ ሰማይ ይሆናል። ከዚያ ላይ እንደ ጃንጥላ አጥንት ቱቦዎች ይዘረጋል፤ በየቱቦው ጫፍ የአሮጌ አውቶቡስ ወንበር ያስራል። ልጅ ይቀመጣል፣ ይገፉታል፣ ይዞራል። ስሙን «ሽክርክሪት» አለው። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አጥሩ ሥር ቆሻሻ የሚጣልበትን ባዶ ቦታ ፈቅደውለታል። «የወላጆች ስብሰባ ቀን ካልዞረ ግን ብረቱን ታነሳለህ» ብለውታል።

«ልጆቹ ምን ጎድሎባቸው ነው የሚዞሩት?» አለ አጎቴ። «መዞር ያማረው ሰው ጉዳይ ይዞ ቢሮ ይሂድ፤ ያዞሩታል።»

እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አባቴም ፈገግ አለ። እኔ ግን የሚቀጥለውን እየጠበቅሁ ትንፋሼን ያዝኩ። አጎቴ ውሃ ጠጣ፣ አፉን ጠረገና፣ «አይሆንም» አለ።

ቃሉ ከአፉ ወጣ።

ሥራው ከአግዳሚዋ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነበር፤ ስለዚህ አግዳሚዋ ጮቤ ረገጠች። ጡረተኛው ሽክርክሪቱን «ማቡኪያው» አለው፤ ሲሚንቶ ማቡኪያ ለማለት ነው። ሰፈሩም ያዘለት። አባቴ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ድንጋይ ለቀመ፣ ኮንክሪት ሞላ፣ አክሰሉን ተከለ። በማግስቱ ሲመጣ አክሰሉ ተጋድሟል ማለት ይቻላል፤ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አጥሩ ዘምሟል። አግዳሚዋ ቀኑን ሙሉ አንገቷን አዘምማ ዋለች። አባቴ ለጥቂት ጊዜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየው። ከዚያ ዶማውን አነሣና ያንን ሁሉ ኮንክሪት እየፈነቀለ ያወጣ ጀመር። እንደገና ሞላ። ሲደርቅ ቱቦዎቹን በየደ፤ አንደኛው ጎበጠ፤ ፈትቶ ሌላ ወፍራም ቱቦ አመጣ። አንድ የተበላሸ ነገር ባየሁ ቁጥር ወደ አጎቴ አፍ እመለከታለሁ። አፉ እያደረገ ያለውን ነገር ማንም አላስተዋለም፤ ከእኔ በቀር።

እንዲያ እያልኩ ሳለ እናቴም እንደምታውቅ ደረስኩበት። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ውስጥ ከአጎቴ ጋር ቆመው ሲያወሩ በሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ጋሼ» ትለዋለች እናቴ፣ ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ነገር ካልዞረ ተመልሶ አይነሳም። እባክህ አፍህን ሰብስብ።»

«እኔ ምን አደረግሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነትህን ለራስህ ያዘው።»

የሚነሳው ብረቱ ነው፤ ዳይሬክተሩም «ታነሳለህ» ነው ያሉት። እርግጥ ነው፣ ያ ሁሉ ብረት አንድ ጊዜ ከተተከለ ማን ያነሳዋል ብዬ ከእናቴ ጋር በልቤ ተስማማሁ። ስለ አባቴ እየተናገረች እንደሆነ፣ ወደ ግድግዳው ተመልሶ እንዳይዞርባት ፈርታ እንደነበር፣ ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነገር ነው። አፍህን ሰብስብ አለችው። እናቴ በስልክ መስመር ስንት ሰው የሚያወራውን የምትሰማ ሴት ናት፤ የአጎቴ አፍ ኃይል እንዳለው ካመነች ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

መፍትሔውም ታየኝ። አይሆንም ብሎ ካስቀረው፣ ይሆናል ቢል ያስኬደዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቃሉን ከአፉ ማውጣት ነው።

በማግስቱ አግዳሚዋ ላይ ሄጄ ተለጠፍኩበት። «አጎቴ፣ ሁለትና ሁለት ሲደመር ስንት ይሆናል?»

«አራት ነው ይላሉ።»

«አራት ይሆናል በላ።»

«እኔ ቆጥሬ አላረጋገጥኩም።»

ሌላ ቀን በሌላ በኩል መጣሁ። «እማዬ አሁን ሥራ ላይ ትሆን ይሆን?»

«ታዲያ የት ትሄዳለች?»

«ወይም መንገድ ላይ ትሆን ይሆን?»

«እንጃ።»

«እንጃ» የአጎቴ ሁለተኛዋ ቃል ነበረች፤ ከመጀመሪያዋ ሲያርፍ የሚጠቀምባት። ድገም የሚባለውንም ጨዋታ ሞከርኩ። «የምለውን ድገም፤ ውሃ።» «ውሃ።» «ወንበር።» «ወንበር።» «ድመት።» «ድመት።» «ይሆናል።» አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና፣ «አንቺ ቁንጫ፣ ይሄ ነገርሽ ጠበቃ ይፈልጋል» አለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ልጄ፣ ምን አደከመሽ? ይሄ ሰውዬ ጥርሱ ካልወለቀ በቀር ይሆናል አይልም።»

ጥርሱ ደግሞ ይወልቅ ነበር። በየማታው።

የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ሰው ሠራሽ ናቸው። ሲተኛ አውልቆ መስኮቱ ላይ ባለ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የራሱ ጥርሶች የት እንደገቡ በጠየቅሁት ቁጥር ሌላ ታሪክ ይነግረኛል፤ አንዴ ከአንበሳ ጋር ሲታገል፣ አንዴ የቢራ ቆርኪ ሲከፍት፣ አንዴ ደግሞ ለአንድ ድሃ ንጉሥ አበድሮ። ሁሉንም አምኛለሁ፤ በተለያየ ጊዜ ያለቁ መስሎኝ። ያለ ጥርሱ ደግሞ ከቤት አይወጣም፤ ከእኛ ጋር እንኳ አያወራም። ከፀጉር አስተካካዩ ይህንን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ኃይሉ ያለው እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነው።

የወላጆች ስብሰባ ቀን ጠዋት፣ አጎቴ ሲያንኮራፋ ጥርሶቹን ከብርጭቆው አወጣኋቸው። ቀዝቃዛና የሚያንሸራትቱ ነበሩ፤ እንደ ዓሣ ከእጄ ሊያመልጡ ሲሉ በቀሚሴ ጫፍ ያዝኳቸው። እናቴ ከመሥሪያ ቤቷ አምጥታ ለመጫወቻ የሰጠችኝ የተበላሸ ስልክ ነበረኝ። የእጀታውን ክዳን ፈትቼ፣ ጥርሶቹን ውስጡ ከትቼ፣ መልሼ ገጠምኩት። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁት። ኮሽ አለ። ደህና ተዘግቷል።

ስወጣ ከአጎቴ ክፍል መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሞልቷል። ዳይሬክተሩ ንግግር አድርገው ነበር፤ ምን እንዳሉ የሰማ ልጅ የለም፤ ሁላችንም ዓይናችን አጥሩ ሥር ያለው ብረት ላይ ነበር። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁ ላይ ግን የግራሶው ጥቁረት አለ። የአውቶቡስ ወንበሮቹ ግማሾቹ ቀይ ግማሾቹ ግራጫ ነበሩ። ዳይሬክተሩ «እንግዲህ ይሞከር» ሲሉ ልጆቹ ሁሉ ተንጋግተው ወደ ቀዮቹ ሮጡ፤ በአንድ ወንበር ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተጫኑ። ቀዮቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ በኩል፣ በዚያ በወፍራሙ ቱቦ በኩል ነበሩ።

አባቴ ገፋ። ሽክርክሪቱ አቃሰተ፣ እሩብ ያህል ዞረና ነክሶ ቆመ።

ፀጉር አስተካካዩና ጡረተኛው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሁለቱም አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ በመካከላቸው ወዳለው ባዶ ቦታ ተመለከቱ። ፀጉር አስተካካዩ «ዘይት አላጠጣውም መሰል» አለ። ማንም አልሳቀም። ኃይሉ ስልኩ ውስጥ ተቆልፎ እንደቀረ አውቄ ደስ አለኝ። ግን ለምን አይዞርም?

አባቴ አጎንብሶ አየ። ልጆቹን ከቀዮቹ ሊያወርድ ሞከረ፤ አለቀሱ፤ እናቶቻቸው «ተዋቸው፣ ተዋቸው» አሉት። ቀና ብሎ ወላጆቹን ተመለከተ። «አንድ ትልቅ ሰው በዚህ በኩል ቢቀመጥልኝ ሚዛኑ ይስተካከላል» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ጎን ጎኑን ያያል። አንዱ ልብሱን ያራግፋል፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በኋላም ብዙ ቦታ ገጥሞኛል፤ ሰው ሁሉ ነገሩ ቢሆን ይወዳል፣ ቀድሞ የሚሳቅበት ግን መሆን አይፈልግም። እናቴ ገና ከሥራ አልወጣችም። የአባቴ እጆች ጎኑ ላይ ወረዱ። አጥሩን፣ የአጥሩን ግንብ አየ። ያንን አስተያየቱን ከአልጋው አውቀዋለሁ።

በዚህ መሀል ነው አጎቴ በበሩ የገባው።

አፍና አፍንጫውን በእናቴ ሰማያዊ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም፤ ዓይኑ ግን ይበቃ ነበር። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል ሰውን እየሰነጠቀ ሄዶ አባቴ ጆሮ ሥር አጎነበሰ። ሻርፑ ተንቀሳቀሰ። እኔ ከቀዮቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ተጣብቄ ነበር፤ ጆሮዬን ቀሰርኩ። የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል፣ እሷንም መጀመሪያዋንና መጨረሻዋን ብቻ ነው። «ይ» አለ፣ መሀሉ ድድ ውስጥ ጠፋ፣ ከዚያ «ናል» አለ።

ይሆናል።

አባቴ በረጅሙ አየው። ከዚያ አንድ ነገር መለሰለትና ወደ ግራጫው ወንበር በእጁ አመለከተ። አጎቴ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሊከራከር እንደፈለገ ትከሻው ይናገራል። ወላጆቹን አየ፣ ዳይሬክተሩን አየ፣ አጥሩ ላይ ያሉትን ሁለት ጓደኞቹን አየ። ሻርፑን በእጁ ይዞ፣ ተራምዶ ሄዶ ተቀመጠ።

አባቴ ገፋ። ዞረ።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ለቀቀው። አጥሩ ሄደ፣ ዳይሬክተሩ ሄዱ፣ ትምህርት ቤቱ ሄደ፣ ተመልሰው መጡ። ልጆቹ ጮኹ። በማዶ በኩል የአጎቴ ሻርፕ ተፈታና ከአንገቱ ኋላ እንደ ባንዲራ ተዘረጋ፤ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ ድዱ ለሰፈሩ ሁሉ ታየ። እየሳቀ ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚህ አልተስማማንም፤ እሱ «አቁም እያለኝ ነበር» ይላል። እኔ ግን ፊት ለፊቱ ነበርኩ።

ለብዙ ዓመታት ሽክርክሪቱን ያዞረችው ያቺ ቃል እንደሆነች አምኜ ኖርኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ራሴ ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን ለአባቴ ይህንኑ ስነግረው ሳቁ ሳል እስኪሆን ሳቀ።

«ምን አለኝ መሰለሽ?» አለኝ። «‘ልጅህ ጥርሴን ሰርቃለች፤ ካላስመለስክልኝ ዛሬ ይዋጣልናል’ ነው ያለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«‘አስመልስልሃለሁ ጋሼ፤ መጀመሪያ እዚያ ተቀመጥልኝ’ አልኩት። ጥርስ ቢኖረው እኮ እስኪመሽ ይከራከረኝ ነበር።»

እናቴም ከጎኑ ሆና ሌላውን አፈረሰችብኝ። ዳቦ ቤቱ የተዘጋው ሠልፉ ስለበዛበት ወደ ሰፊ ቤት ተዛውሮ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ቤቷ ተቀምጣ ያየኋት ልትወልድ ተቃርባ ነው። አንቴናውስ፣ አልኳት። አንቴናውን የጣለው የእኔ ኳስ ነው። «ጋሼ እኮ አይሆንም ያላለው ነገር አልነበረም» አለች። «ትምህርት ቤቱን አይሆንም ብሏል፣ እኔና አባትሽን አይሆንም ብሏል። አንቺን ሳረግዝ ደግሞ ወንድ ነው ብሎ ነበር። አንቺ የምትሰሚው የሆነለትን ብቻ ነው።»

ጥርሶቹ በዚያው በስብሰባው ቀን ተመለሱ። እናቴ ከሥራ ገብታ ስልኬን ብድግ አድርጋ ስትነቀንቀው ድምፁ አልጣማትም፤ የስልክ ሰው ናት። ክዳኑን ፈትታ አየችና፣ ሳትናገር ታጥባ ብርጭቆው ውስጥ አስቀመጠችለት። የእኔ ቅጣት በየማታው ጥርሱን መቦረሽ ሆነ፤ እንደ ሽልማት ነው የወሰድኩት።

አጎቴ በማግስቱ ተላጭቶ አግዳሚዋ ላይ ነበር። «ወር አይሞላም» አለ ስለ ሽክርክሪቱ። ግን ነገር ተቀይሯል። ጡረተኛው «ጋሼ፣ ትናንት የት ሊሄዱ ነው የተሳፈሩት?» አለው። ፀጉር አስተካካዩ በጣቱ አየር ላይ ክብ እየሠራ ሳቀ። አጎቴ በዚያች ወንበር ላይ ሲሳቅበት ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። መንገድ ተሻግሮ ያለውን ብረት፣ ልጆቹ ተሰልፈው ሲጋፉበት፣ ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ።

«ወንበሮቹ ያስጠላሉ» አለ በመጨረሻ።

ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ፤ ተከተልኩት። አልጋው ሥር ገብቶ አቧራ የለበሰ የእንጨት ሳጥን ጎትቶ አወጣ። ሲከፍተው ብሩሾች፣ ቀለም የደረቀባቸው ቆርቆሮዎች፣ አንድ ጠርሙስ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ነበረበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አኳራጁ ዓይኗን ስላቃጠላት መስኮቱን ከፈትኩላት።

አጎቴ ሰሌዳ ጻፊ ነበር። ይህንንም በኋላ ነው የሰማሁት። ወጣት ሳለ የሲኒማ ቤቱን ትልቅ ማስታወቂያ ሲሥል፣ ከሥር ብዙ ሰው ቆሞ እያየው፣ ከነመሰላሉ ወደቀ፤ ቀለሙም አብሮት ወረደ። ጥርሶቹን እዚያ ነው ያስቀራቸው። ሰዉ መሞት አለመሞቱን ሳያጣራ ሳቀ፤ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሲነሣ ደግሞ ይበልጥ ሳቀ። አጎቴ ሳጥኑን ዘጋና ከሚሳቅባቸው ወደሚስቁት ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። እንግዲህ ሳጥኑ ሲከፈት እናቴ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነበር።

ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲበተኑ እየሄደ የወንበሮቹን ጀርባ ሣለ። እንደማይሆን እየተናገረ ነበር የሚሥለው፤ ቀለሙ ቀጥኗል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ልጆች ይፍቁታል። አንበሳው አስፈሪ ሆነ። ሜዳ አህያው አማረ። ቀጭኔው ላይ ግን አንገቱን ከታች አስረዝሞ ጀመረና ወንበሩ አለቀበት፤ ስለዚህ አንገቱ ጫፍ ላይ ታጥፎ ጭንቅላቱ ወደ መሬት ተመለሰ።

ፀጉር አስተካካዩ ይህንን ሊያይ መንገዱን ተሻገረ፤ ጡረተኛውም ተከተለው። አንገታቸውን አዘመሙ። «ይሄ ቀጭኔ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ወይስ ሆዱን የቆረጠው ግመል?»

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም መሳቄን አልደብቅም፣ ግመሉ ሆዱን የቆረጠው ይመስል ነበር። አጎቴም ቀጭኔውን አየው፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣችና ሄደች። ከዚያ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ፣ አራግፎ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ዘረጋለት።

«አንድ ወንበር ቀርቷል» አለው በለሆሳስ። «እስቲ እንካ።»

ፀጉር አስተካካዩ ብሩሹን አየ። ብሩሹ ሰማያዊ ጠብታ ጫማው አጠገብ ጣለ። «ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው» አለ። ከቆምንበት ሆነን የፀጉር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ባዶውን ይታየን ነበር። ጡረተኛው ደግሞ ስለ ዓይኑ አንድ ነገር አጉረመረመ። ሁለቱም ተሻግረው ሄዱ።

ሽክርክሪቱ መንገዱ ሊሰፋ አጥሩ እስኪፈርስ ድረስ ለዓመታት ዞሯል። ሌሎች ትምህርት ቤቶች እየመጡ አዩና አባቴን እንዲሠራላቸው ወሰዱት፤ ዕድሜውን የጨረሰው ልጆች የሚወጡበትንና የሚንሸራተቱበትን ብረት እየበየደ ነው። አጎቴ አይሆንም ማለቱን አልተወም። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ ይበልጥ ይል ነበር፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሰላል ላይ ሆኖ ነው።

በዚያን ቀን ግን ብሩሹ እጁ ላይ ተዘርግቶ ቀርቶ ነበር። እኔ ተቀበልኩት። የመጨረሻውን ወንበር ያለ ንድፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ምላሴን አውጥቼ ሣልኩት። እናቴ ዝሆን ነው ብላለች። አባቴ የጭነት መኪና ነው ብሎ ተከራክሯል። ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ልጅ የለም፤ ተሻምተው ይቀመጡበት ነበር።

ያወቀው አጎቴ ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱን ባየበት ዓይን ረጅም ጊዜ አየው።

«አፍንጫዬ እንዲህ ትልቅ አይደለም» አለ። ከዚያ ብሩሹን መልሼ እንድነክረው ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ያዘልኝ።